የወገብ ኪኒን

«የምርመራው ውጤት አደንዛዥ ኪኒን መወሰዱን ያሳያል» አሉ ዳኛዋ…



ተከሳሹ በሠፈሩ ዛሬም ድረስ «ማሙሽ» እየተባለ የሚጠራ፣ ጢሙን ያሳደገ ወጣት ነው።

ተከሳሹ አልኩ… ይቅርታ፣ ክሱስ ቀድሞ አልቋል። ፍርደኛው ልበል።

ሕገወጥ ኪኒን ሲወስድ ተይዞ እስራት ተፈርዶበት ነበር። ቅጣቱ በገደብ የቆመለት በየወሩ የጠዋት ሽንቱን ከቤቱ ይዞ ለምርመራ እንዲያቀርብ ታዝዞ ነው። ኪኒኑ አንድ ጊዜ ቢገኝበት ወህኒ ይወርዳል።

«ምን ትላለህ?»

«ክብርት ዳኛ፣ በእናቴ… አልወሰድኩም!»

«ሁላችሁም እንደዚያው ነው የምትሉት» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

ማሙሽ ወደ ኋላ ዞሮ አባቱን አየ። አባትየው፣ አናጺው፣ አንገቱን ደፍቶ ባርኔጣውን ያሻል።

ልጁ ፊቱን ወደ ዳኛዋ መለሰ…

«የምጨምረው የለኝም። የመሰላችሁን ፍረዱ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከቀበቶው ፈታ።

«ቆዩ! ሽንቱ የእኔ ነው!» አለ አናጺው ብድግ ብሎ።

ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

«አባት፣ ይህ እኮ ችሎት ነው» አሉ ዳኛዋ።

«ስለሆነ ነው የምናገረው። በምርመራው ዋዜማ ልጄ ዓይኑ ደም መስሎ ገባ። አገረሸበት ብዬ ፈራሁ። ጠዋት ጫማውን ሲያስር፣ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ያስቀመጠውን ጠርሙስ ደፍቼ የራሴን ሞላሁበት። እኔማ ንጹሕ ነኝ ብዬ…»

«የሴራሚክ ብናኝ እኮ ነው፣ አባዬ! ቀኑን ሙሉ ስቆርጥ ነው የዋልኩት!»

«እርስዎስ ምን ወስደው ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«የወገብ ኪኒን ብቻ። መውሰድ ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ! ከሠፈር ከአንዱ ነው የምገዛው። ያለ እሱ መጋዝ አልይዝም።»

«የሐኪም ማዘዣ አለዎት?»

«የለኝም።»

ዳኛዋ ከሁለቱም አዲስ ናሙና እንዲወሰድ አዘዙ፤ አሁን ግን ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ።

ማሙሽ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

አባትየው የሚውጠው ደግሞ… ልጁ የተፈረደበት ያው ኪኒን ነበር።

ዳኛዋ ማስረጃ መለወጥ ወንጀል መሆኑን ነግረው በብርቱ ገሠጹት፤ ዕድሜውንና እውነቱን መናገሩን አይተው ግን በማስጠንቀቂያ አለፉት። ዐቃቤ ሕጉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ይህ ነገር ሱስ ያስይዛል። ሐኪም ቢያይዎት ይሻላል» አለ።

ማሙሽ እጁን አወጣ።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔን ሲይዙኝ ሐኪም ይይህ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ።



ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ አናጺው የልጁን ክንድ ያዘ።

«ጠርሙሱን እንደለወጥኩት ገብቶህ ነበር፣ አይደል? ለምን ዝም አልክ?»

«ታዲያ ያንተ ወገብ የእስር ቤት ወለል ይችላል?»

አባት ዓይኑን በባርኔጣው ጠረገ።

«ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አለ ልጁ። «ኪኒኑን ስተው እኔ ራሴ ፈልጌ ያገኘኋት ነርስ አለች። ቁጡ ናት… ጠርሙስ እንዳትለውጥባት ብቻ!»

ወዳጆቼ፣ ትምህርቱ «ልጆቻችንን እንመን» ነው ብዬ ልዘጋው ነበር። ነገር ግን ግማሹን ብቻ መናገር ይሆንብኛል።

ያው ኪኒን በሽማግሌ ኪስ ሲገኝ ሕመም፣ በወጣት ኪስ ሲገኝ ወንጀል ከተባለ፣ የምንፈርደው ፊት አይተን ነው ማለት ነው።

እናንተስ ገና ከመጀመሪያው በዳኛዋ ወንበር ላይ ብትቀመጡ፣ ለማሙሽ ምን ታዝዙለት ነበር… ካቴና ወይስ የሐኪም ቤት ወረፋ?

ከነምክንያታችሁ ጻፉልኝ። ምክንያት የሌለው መልስ እኔ ዘንድ ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው የሚያገኘው።