የአዴ ጁሀራ ሰርቨር

ሰርቨሩ እንደገና ጠፋ። ይህን የሚል መልእክት ስልኩ ላይ ሲደርሰው ዘይነዲን ጎባ ሱቁ ውስጥ የሰው ላፕቶፕ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። «ኧረ በአላህ!» አለ ለራሱ። ላፕቶፑን እንደተፈታ ትቶ የሮቤ ሚኒባስ ያዘ። ጎባና ሮቤ ቅርብ ናቸው ይባላል፤ ለአንድ ዕቃ ሲመላለሱበት ግን ቅርብ የሚባል መንገድ የለም።

ሰርቨር ይበሉት እንጂ መጽሐፍ የማያክል ጥቁር ሳጥን ነው። አዳማ የሚኖረው ከሊል ብቻቸውን ለሚኖሩት እናቱ፣ ለአዴ ጁሀራ፣ በዘይነዲን ያስገጠመው ነው። በር ሲከፈት፣ ምድጃ ሲበራ፣ እሳቸው ከአልጋ ሲነሱ ሳጥኑ ለከሊል ስልክ ያስታውቃል። ካሜራ ግን የለውም። «ቤቴ ውስጥ እንኳ ሻሼን አውልቄ ልቀመጥ እንጂ!» ብለው እምቢ አሉ።

ነገሩ የመጣው አምና ጓዳ ውስጥ ወድቀው ሰው ሳያያቸው ካደሩ ወዲህ ነው። ከሊል አዳማ ልውሰድሽ ብሎ ለመነ። እሳቸው ግን በሟች ባለቤታቸው ሰደቃ ላይ፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብለው ነበር። ሮቤ ይህን ቃል እስከ ዛሬ እያደነቀ ያወራዋል። ታዲያ ቃላቸውን እንዴት ይብሉ? እናትና ልጅ በዚህ ተስማሙ፦ ሳጥኑ እስከ ሠራ ድረስ እዚያው ይኖራሉ፤ እምቢ ካለ ከሊል መጥቶ በግድ ይወስዳቸዋል።

ሳጥኑ እምቢ አለ።

ዘይነዲን ግቢው ውስጥ ሲገባ የክረምቱ ሳር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አራሰው። አዴ ጁሀራ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። በዚያ ሁሉ ብርድ ስስ ድሪያ ለብሰዋል።

«አዴ፣ ጋቢዎስ?»

«ለጎረቤቴ ለሠርከአዲስ ሰጠኋት። አራስ ናት፣ ይበርዳታል።»

«ላሚቱስ የት ሄደች?»

«ሳር ጠፋና ዲንሾ እህቴ ዘንድ ላክኋት።»

ዘይነዲን ስለ ላም የሚያስብበት ጉልበት አልነበረውም። ሳጥኑ ከከሊል ልጆች ፎቶ አጠገብ ድርግም ብሎ ተቀምጧል።

«ኢልመኮ» አሉት። ልጄ ሲሉት ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «ዛሬም እምቢ ካለ ከሊል ምን ይል ይሆን? እውነት ይመጣል?»

«አይዞዎት! እኔ እያለሁ ማንም ከቤትዎ አያስወጣዎትም።»

አዴ ጁሀራ አቀርቅረው የሻሻቸውን ጫፍ ጠመዘዙ። አንጀቱን በሉት።

ከዚህ በፊት ሲመላለስ ሚሞሪውን ቀይሯል። ቻርጀሩን ቀይሯል። ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጭኗል። መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋም ባትሪ አስገብቶለታል። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫነ፤ ሳጥኑ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ። ሲገጥመው «ይችን ብቻ እንዳይነኩ፣ ያጠፋዋል» ብሎ ለሴትየዋ አሳይቷቸው ነበር።

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ተሰማና አምፖሉ ደበዘዘ። ወልደአማኑኤል! የሠርከአዲስ ባል በያጅ ነው፤ የብየዳ ቤቱ ከአዴ ጁሀራ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ይህ ግቢ ቢሸጥ ቀድሞ የሚሮጠው እሱ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የዘይነዲን ድካም ንዴት ሆነ። ሄዶ የቆርቆሮውን በር ደበደበ።

«አሮጊቷን ከቤታቸው ልታስወጣ ነው አይደል?»

ወልደአማኑኤል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «እኔ? ምን አደረግኩ?»

«በበየድክ ቁጥር ዕቃው ይጠፋል!»

«ባትሪ አስገባሁለት አላልክም እንዴ?»

ዘይነዲን ይብስ ጮኸ። በያጁ ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ሄዶ ኤሌክትሪኩን አጠፋ። «ለአዴ ስል እስከ ነገ አልሠራም። አሁን ደስ አለህ?» አለውና በሩን ዘጋበት።

ዘይነዲን ተመልሶ ለከሊል ደወለ፤ እናትየውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ዘይኑ፣ እኔም ደክሞኛል» አለ ከሊል። «ስልኩ በጮኸ ቁጥር እናቴ ሞተች እያልኩ ሥራ አልሠራሁም። እስከ ነገ ጠዋት እናየዋለን። አንዴ ከጠፋ በቃ፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ብታለቅስም፣ ሽማግሌ ብትሰበስብም ጭኜ እወስዳታለሁ!»

አዴ ጁሀራ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ዘይነዲን ማየት አልቻለም፤ ገመዶቹን እንደገና አጠባበቀ፣ አረንጓዴዋ መብራት መብራቷን አረጋግጦ ተነሳ።

«ገለቶሚ፣ ኢልመኮ» ብለው አመስግነው እስከ በር ሸኙት።

ሚኒባሱ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ቴስተሩን መርሳቱ ትዝ አለው። እየተራገመ ወርዶ ተመለሰ። ሰፈሩ ሲደርስ ወልደአማኑኤል የአዴ ጁሀራን ዶሮዎች በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ከግቢያቸው ሲወጣ አየው። አሁንስ ያዝኩህ! ገና ሴትየዋ ሳይሄዱ ንብረት መከፋፈል ጀመረ ማለት ነው። ልጠራቸው ብሎ በሳሩ መሀል ወደ ቤቱ ሮጠና ገርበብ ያለውን በር ገፋው።

ከበሩ ጀርባ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ቆሟል፤ አዴ ጁሀራ ሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ በአውራ ጣታቸው ትንሿን ማጥፊያ ቁልፍ እንደተጫኑ፣ ሳጥኑን «ገለቶሚ፣ ኢልመኮ» ይሉት ነበር።