ከዛሬው በታች

የፕሮግራመሮቹ አለቃ ደሟ ፈልቷል። ባልደረባዋ ቀንና ወር አምታቶ፣ ከደንበኛ ጋር የተስማሙበትን ስብሰባ የድምፅ ቅጂ አሮጌ ነው ብሎ ደምስሶታል።

«የፋይሉን ስም 03-04 ብለህ ስትጽፍ ሦስት ወሩ ነው ቀኑ? እኔ ጠንቋይ አልቀልብ!»

«ተሳስቼ ነው፣ እታለም።»

«እታለም አትበለኝ! ከዛሬ ጀምሮ ዓመት ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፣ ቀን መጨረሻ። ከዚህ ወዲያ ብትሳሳት ውርድ ከራሴ!»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ የፋይሎቹን ስም ሁሉ አስተካከለ። ድምፆቹ ከአሮጌው እስከ አዲሱ በየተራቸው ተሰለፉ። የዛሬው ስብሰባ ከሁሉም በታች መሆን ሲገባው፣ ከሥሩ ሌላ አንድ ነበር። ዓመቱ የዘንድሮ፣ ወሩ የያዝነው ወር፣ ቀኑ የነገ።

«ጭራሽ ታሾፍብኛለህ?» ጠረጴዛውን በጡጫ ነረተችው።

«እናቴ ትሙት፣ እኔ አልፈጠርኩትም።»

«ክፈተው! የማን ቧልት እንደሆነ ልስማ!»

ከፈተው። መጀመሪያ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲያስል ተሰማ። ቀጥሎ የራሱ የባልደረባዋ ድምፅ መጣ።

«ትናንት እዚሁ ክፍል በፋይል ስም ስትቆጣኝ ነበር እኮ። ደህና ነበረች…» ሳግ አቋረጠው።

እሷ ልትጮህበት ዞረች። ሰውየው አፉን በእጁ ከድኖ፣ አመድ መስሎ ያያታል።

ከኮምፒውተሩ ውስጥ አንዲት ሴት፣ «እስቲ ሁላችንም ብድግ እንበልና ለነፍሷ ትንሽ ዝም እንበል» አለች።

ብዙ ወንበሮች ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተገፉ። ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ።