ድርቁና ክብሪት

ድርቁ ከሚሉት ሰው ጋር መጫወት የሚወድ አልነበረም።

በካርታ ክበቡ ውስጥ ዕጣ ወጥቶ ከእሱ ጋር የተመደበ ሰው መጀመሪያ በረዥሙ ይተነፍሳል፣ ቀጥሎ ሻይ ያዛል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ጨዋታው ውስብስብ አይደለም። እያንዳንዱ ተጫዋች በየተራው ከራሱ ክምር አንድ ካርታ ይስባል። የውኃ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ይጥላል፤ በውኃው ተዋጊዎቹን ያስነሳል፤ በተዋጊዎቹ ይመታል። የሁሉም ክምር እኩል ነው፣ ተራው ደርሶ የሚስበው ካርታ ያጣም ተሸናፊ ነው፤ እዚያ ድረስ የቆየ ጨዋታ ግን ማንም አይቶ አያውቅም።

በድርቁ ክምር ውስጥ ተዋጊ የሚባል የለም። ሁሉም ማድረቂያ ነው። ሰው ውኃ ሲጥል ያደርቃል። ሌላ ሲጥል ያንንም ያደርቃል። ተጋጣሚው እጁ ሙሉ ተዋጊ ይዞ፣ አንዱንም ማስነሳት አቅቶት፣ ላብ በላብ ሆኖ ይቀመጥና በመጨረሻ "ውሰደው በቃ!" ብሎ ካርታውን ወርውሮ ይነሳል።

"አንተ ሰውዬ፣ ቀን የሰው ውኃ ቆርጠህ አይበቃህም?" ይሉታል። ውኃ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ መስመር ቆራጭ።

"ሙያ ነዋ" ይላል።

አንድ ልማድ ነበረው። ማን ይጀምር ሲባል ቅድሚያውን ለማንም አይለቅም።

ሚስቱን ይወዳታል፤ ስለሚወዳትም ይጠብቃታል። የስፌት ሱቋን ያስዘጋት ወገቧን እንዳያማት ብሎ ነው። ቁልፉን ከራሱ ቁልፎች ጋር ያሰረው እንዳይጠፋ ነው። ጓደኛዋ መምጣት ያቆመችው ወሬኛ ስለሆነች ነው። ስልክ ለአንድ ቤት አንድ ይበቃል፤ እሱም በእሱ ኪስ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ምሳ በልተው ካርታ ሲበውዝ፣ "ሱቁን መልሼ ብከፍተውስ?" አለችው።

"በዚህ ያሸነፍሽኝ ዕለት ትከፍቺዋለሽ።" ሳቀ።

እሷም ሳቀች። "እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰውየው ውኃ ባይጥልስ?"

"ለምን አይጥልም? የሰው ልጅ እጁን ይበላዋል፣ እመቤቴ። ዝም ብሎ መቀመጥ ማን ይችላል?"

"እሱስ ልክ ነህ" አለችና ሳህኑን አነሳች።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አክስቷ ታመሙ ተባለ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ልጠይቃቸው አለች፤ ፈቀደ። ስትመለስ ግን ከታማሚ ቤት የመጣች አትመስልም። ፊቷ ይበራል። ዕቃ ስታጥብ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ረዣዥም ጥፍሮቿን ከሥር ቆረጠቻቸው።

"ምነው ጥፍርሽን?"

"ደበረኝ።"

ቦርሳዋን በረበረ። ከታች፣ ከመሐረቧ ሥር፣ ካርታ እንዳያረጅ የሚከተትባት ትንሽ የፕላስቲክ ልባስ አገኘ። ብርቱካናማ።

የእሱ ጥቁር ነው። በክበቡ ውስጥ ብርቱካናማ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ክብሪት።

ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ጎረምሳ። ሲጫወት እንደ ቅጽል ስሙ ነው፤ ወይ ያቃጥልሃል፣ ወይ ራሱ ነዶ ያልቃል። ደግሞ መልከ መልካም ነው። ደግሞ ጥርሱ!

በሚቀጥለው ሐሙስ ድርቁ መስመር ሊቆርጥ ወጥቶ መንገዱን ጠመዘዘ። በፎቶ ኮፒ ቤቱ መስታወት አያቸው። ከማሽኑ አጠገብ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰዋል። ልጁ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር ሹክ አላት። ራሷን ነቀነቀችና ከት ብላ ሳቀች። እቤት እንዲህ ስቃ አታውቅም።

አልገባም። ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ምግብ ይቀርባል፤ አይወርድለትም።

"አክስትሽ እንዴት ናቸው?"

"እየተሻላቸው ነው። ቀስ በቀስ።"

ቀስ በቀስ፣ አለ በሆዱ። ቀስ በቀስ ማለት ምን እንደሆነ እኔ አሳያችኋለሁ።

በእጁ አይነካውም። የዓመቱ ውድድር ደርሷል። በሰው ፊት፣ ጠብታ ሳያስቀር ያደርቀዋል፤ እያላበው ሲቁለጨለጭ ይጠይቀዋል፦ ሐሙስ ሐሙስ ከማን ጋር ነው የምትውለው? መልሱን ሁሉም ይስማ። ከዚያ ሚስቱ ከቤት ትወጣለች፣ ወይም ከቤት አትወጣም። ገና አልወሰነም።

እሑድ ጠዋት "አክስቴ ጋ ነኝ" ብላ ቀደመችው።

ውድድሩ በሁለት ክፍል ተከፍሎ ነበር፤ የሁለቱ አሸናፊዎች ለዋንጫ ይገናኛሉ። ክብሪት የወዲያኛው ክፍል ደርሶታል። ድርቁ አንገቱን ሳያቀና የደረሱትን ሁሉ አደረቀ። ሁሉም ወርውረው ተነሡ።

ከወዲያኛው ክፍል ጭብጨባ ፈነዳ። ፉጨት። "ክብሪት! ኧረ ክብሪት!"

ፊቱን ታጥቦ ወደ ዋንጫው ጠረጴዛ ሄደ። ክብሪት ከወንበሩ ጀርባ ቆሟል።

"ተቀመጥ" አለው።

"እኔ? እኔማ ነድጄ አለቅሁ፣ ጋሼ። ወንበሩ የእኔ አይደለም።"

ሚስቱ በሰዎቹ መሃል አልፋ መጥታ ተቀመጠች። ብርቱካናማ ካርታዎቿን በወዘች።

"አንተ ጀምር" አለችው። "ልማድህ አይደል?"

ሳበ። ጠበቀ። ሳበች። ምንም አልጣለችም። ሳበ። ሳበች። አልጣለችም። እጁ በማድረቂያ ታጨቀ፤ የሚደርቅ ግን የለም። መጀመሪያ ይስቁ የነበሩት ተመልካቾች አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ።

"ውኃ ጣዪ እንጂ!" ድምፁ ሻከረ።

"ምን ያስቸኩለኛል?"

የመጨረሻ ካርታውን ሳበ። እሷም የመጨረሻዋን ሳበች። ተራው የእሱ ሆነ፤ ክምሩ በነበረበት ቦታ ያለው ግን ባዶ ጠረጴዛ ነበር።

መዳፏን ዘረጋችለት። "የሱቄን ቁልፍ።"