ነጯ ፒካፕ ስትጠመድ

የላሚቱን ገመድ አልለቅም። አንዱን ጫፍ አቶ ውበቱ ይዞታል፤ ሌላውን እኔ። ላሚቱ መሀላችን ቆማ ታመነዥካለች፤ ደሴ ልትወሰድ እንደሆነ ከየት ታውቃለች?

«ሂንድ፣ ልቀቂው እንጂ፤ ተስማምተናል እኮ» ይለኛል ባሌ ሙዘይን፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

የተስማማው እሱ ነው። አሮጌ ጂፓችንን ከነላሚቱ ሰጥቶ የአቶ ውበቱን ነጭ ፒካፕ ሊወስድ። ምን ያድርግ? የጂፓችን የኋላ ማርሽ ጥርሱ ከረገፈ ዓመት አልፎታል፤ መለዋወጫው በዚህ ዘመን በወርቅም አይገኝ። ያለ ኋላ ማርሽ ቦሎ አይታደስም፤ ያለ ቦሎ ኬላ አይታለፍም፤ ቦሎው ደግሞ በዚህ ወር ያልቃል። መኪናዋ ከቆመች እንጀራችን ቆመ ማለት ነው። ግን ላሚቱም የአራት ልጅ ወተት ናት። እሷን ሰጥቼ ምን ላጠጣቸው ነው፣ ቤንዚን?

አቶ ውበቱ ከደሴ የመጣ መኪና ለዋጭ ነው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ከጠዋት ጀምሮ ጂፓችንን እየዞረ ሲያንቋሽሻት ዋለ። ዘይት ትጠጣለች፤ ራዲያተሯ ያፈሳል፤ በሯ የታሰረው በሽቦ ነው። የኔ የዋህ ሙዘይን ደግሞ ሰውየው ያላየውን ሁሉ ራሱ ነገረው። «ዐይብ፣ የዕቃን ጉድለት፣ ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው» ይላል። ሐራምስ ሐራም ነው፤ ግን የኛ ጉድለት በተቆጠረ ቁጥር የሱ መኪና ጉድለት የለባትም ማለት ነው እንዴ? ፒካፗን አዲስ ቀለም ቀብቷት፣ ሜዳው ላይ ባዶዋን ሁለቴ አዙሯት፣ አበቃ። ጨፍኑ ላሞኛችሁ!

«አያ ሐሰን» እላለሁ፣ ለምስክርነት ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞሬ። አያ ሐሰን የሐይቅ ከብት ገበያ ደላላ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በሬ አሻሽጠዋል። «በሬ እንዴት ነው የሚገዛው?»

«ተጠምዶ ነዋ! ሁለት ትልም ሳያርስ ማን ይገዛዋል?»

«ታዲያ ይቺስ ለምን አትጠመድም?»

አቶ ውበቱ ከት ብሎ ይስቃል። «ኧረ እመቤት፣ መኪና እኮ ናት! ቀንበር ልትጭኚባት ነው?»

«ቀንበር አይደለም፤ ማሽላ ነው የምጭንባት።»

አያ ሐሰን ግን አይስቁም። «እውነቷን ነው» ይላሉ። «እኔ የምመሰክርበት ልውውጥ በገበያችን ደንብ ነው። ወይ ትጠመድ፣ ወይ እኔ ልነሳ።»

ያለ ምስክር ልውውጥ የለም። አቶ ውበቱ ሳቁን ይውጣል። ጎረቤቴ ስህን ደሴ ወስዳ ልትሸጠው ያሰናዳችው ስድስት ኩንታል ማሽላ መንገድ ዳር ተደርድሯል። እሷ ምን ጊዜ ትፈልጋለች፣ ሰዉን አስተባብራ አንድ ባንድ ታስጭነዋለች።

«በሉ ቢስሚላህ!» እላለሁ፣ ላሚቱን ከዛፍ ሥር አስሬ።

ከሐይቁ ዳር ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን ዳገት አቶ ውበቱ ራሱ ይነዳዋል። ፒካፗ እስከ እኩሌታው ትወጣለች። ከዚያ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጮሃል፤ ጎማው ግን አይዞርም። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ስህን «በማርያም! ድንጋይ! ድንጋይ አድርጉባት!» ብላ ትጮሃለች። ሮጠን ከጎማው ሥር ድንጋይ እንወትፋለን።

ሙዘይን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ይላል። «ፍሪሲዮኗ አልቋል» ይላል። «ባዶዋን ሜዳ ላይ ትሄዳለች፤ ጭነት ግን አትችልም። ያውቁ ነበር፣ አቶ ውበቱ።»

«እንግዲህ... አሮጌ መኪና ትንሽ ነገር አያጣትም» ይላል ሰውየው፣ ላቡን እየጠረገ።

«እሱ የራሱን ጉድ አንድ ሳያስቀር ሲነግርህ አንተ አፍ አልነበረህም?» ይሉታል አያ ሐሰን።

ሙዘይን መልስ አይጠብቅም። ጂፓችንን አስነስቶ፣ ኋላ ማርሽ ስለሌላት በእርሻው ዳር ዞሮ ከፒካፗ ፊት ይቆማል። በሰንሰለት ያስራታል። ያቺ ከጠዋት ጀምሮ ስትሰደብ የዋለች አሮጊት ፒካፗን ከነሹፌሯ፣ ከነስድስት ኩንታሏ እየጎተተች አስፋልቱ ላይ ታወጣታለች። ሰዉ እልል ይላል። እኔም እልል እላለሁ፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ።

«አሁን እንነጋገር» እላለሁ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ። «መኪና በመኪና። ላሚቱ የለችበትም። የፍሪሲዮኑን ሸራ እርስዎ ገዝተው ይልካሉ፤ ሙዘይን ራሱ ይቀይረዋል። ደሴ መመለስዎ ካልቀረ ደግሞ የስህንን ማሽላ በጂፗ ይዘው ይሂዱ።»

አቶ ውበቱ ሰዉን ያያል፤ ጂፗን ያያል። አምባሰል ሥር እንዲህ ያለ ዳገት የምትወጣ መኪና የሚፈልግ ሰው እንደማያጣ እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። እምቢ ቢል ደግሞ ወሬው ከሱ ቀድሞ ደሴ ይገባል። እጁን ለሙዘይን ይዘረጋል። አያ ሐሰን በሁለቱ እጅ ላይ የራሳቸውን ደርበው ዱአ ያደርጋሉ። አልሐምዱሊላህ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ማሽላው ወደ ጂፗ ከተገለበጠ በኋላ ሙዘይን ፒካፗ ውስጥ ገብቶ የጋቢናውን በር ከውስጥ ይከፍትልኛል። «ግቢ» ይላል።

ቆሜ አየዋለሁ። የሹፌር ሚስት ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጋቢና ገብቼ አላውቅም። ጋቢና ለከፋይ ነው፤ ከፋይ ከሌለ ለካድሬ ነው። እኔ ከኋላ፣ ከጆንያው ጋር ነኝ።

«ማንን ትጠብቂያለሽ? ግቢ እንጂ!»

እገባለሁ። መስኮቱን እስከ ታች አወርደዋለሁ፤ ሻሼን አስተካክዬ ክንዴን አወጣለሁ።

«ሙዘይን» እለዋለሁ፣ «በገበያው በኩል ንዳ። ቀስ ብለህ።»