የተበሳው ሳንቲም

ሽማግሌው ከመሐረብ ቋጠሮ ፈትተው የሰጡትን የድሮ የኒኬል ሳንቲም፣ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢው ባለሱቅ በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አየው።

«ዘመኑስ ጥሩ ነበር፣ አባባ። ግን ጠርዙ ተበስቷል። የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ ያበላሸው? አሁን ማንም አይገዛዎትም።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ሳቁ። እሱም ሳንቲሙን በጣቱ ጫፍ ወደ ሽማግሌው ገፋው። እሳቸው ግን አላነሡትም።

«የበሳሁት እኔ ነኝ፣ ኃይለ ገብርኤል» አሉ፣ እናቱ ከሞተች ወዲህ ማንም ባልጠራው የክርስትና ስሙ። «ክርስትና ሳነሣህ ከማተብህ ጋር አንገትህ ላይ ያሰርኩልህ ነው። ክሩ ሲበጠስ እናትህ አደራ ብላ ሰጠችኝ። ልሸጠው አልመጣሁም። ነገ ልጅህ ክርስትና ይነሣል ሲሉ ሰምቼ ነው።»