የወንዟ እመቤት ስለት

አልቦው ከእግሯ አልወልቅ ቢላት ምራቲቱ በምራቋ አራሰችው። የጀውሃ ወንዝ ደራሽ ጎርፍ ወርዶበት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ከኋላቸው ጣሊያን ያቃጠለው መንደራቸው ይጨሳል። የሰርጓን አልቦ እንደምንም ጎትታ አወጣችና ወንዙ ውስጥ ወረወረችው። "የውሃዋ እመቤት፣ ያንቺው ነን፤ አሻግሪን!" አማቷ መዳፎቿን ዘርግታ "አሚን" አለች። እመቤቲቱ ሰማች። ውሃው እስከ ጉልበት ጎደለላቸው፤ ማዶ ሲደርሱም ከኋላቸው መልሶ ሞላ። ሲያሳድዷቸው የነበሩት ወታደሮች ዳር ላይ ተገትረው ቀሩ። ምራቲቱ ሳቀች።

ያኔ ለወታደሮቹ መንገድ የሚመራላቸው ባንዳ፣ የዚያው አገር ልጅ፣ አንድ ጥቁር የፍየል ሙክት እየጎተተ ብቅ አለ። ሙክቱ የሴቶቹ ነበር። አማቲቱ ለወንዟ እመቤት የተሳለችው፣ "ዘንድሮስ ይወፍርላት" እያለች ከዓመት ዓመት ያሻገረችው፣ በጥድፊያው ጓሮ ታስሮ የቀረው ሙክት። ባንዳው "ያንቺው ነኝ፤ አሻግሪኝ" ብሎ ውሃው ዳር አረደው። ደሙ ከጎርፉ ተቀላቀለ። ውሃውም ጎደለ፤ ለሴቶቹ ከጎደለው ይበልጥ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት።

"እማ፣ ምነው? እኛ አይደለን እንዴ ልጆቿ?" አለች ምራቲቱ።

አሮጊቷ የተሳለችው ስለት መግባቱን አየች። ስለት ሲገባ እልል ይባላል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚህ ሌላ አታውቅም። የመጀመሪያው ወታደር እግሩን ውሃው ውስጥ ሲያስገባ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ እልል አለች።