የሾፌሩ ወገብና የልጃቸው ቦርሳ

«ወይኔ ወገቤን!...»

ሴትየዋ ቦርሳዋን ልታነሳ የዘረጋችውን እጇን መለሰች።

«አባዬ፣ አሁን ደህና አልነበርክ እንዴ?»

«አሁን ነው የጀመረኝ... ኧረ ልጄ ሞትኩልሽ!»

አባትየው ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ወገባቸው አልቆ፣ ትናንት ነው አከርካሪያቸውን ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው።

ልጃቸው ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት።

ክፉ ልጅ እንዳትመስላችሁ... ለአባቷ ያልገዛችው ነገር የለም። ፍራሽ ብትሉ፣ ቴሌቪዥን ብትሉ... ጊዜ ብቻ ነው የሌላት።

ሐኪሟ ተጠርታ መጣች። ቁስሉን አየች። እግራቸውን አስነሳቻቸው። ግራ ገባት።

«አባባ፣ ቁስሉን ከመዝጋታችን በፊት እንዳይቆጣና እንዳያብጥ የሚያደርግ መድኃኒት እዚያው ወገብዎ ውስጥ አስቀምጠናል። ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ሰውነትዎን ሁሉ ሳያደነዝዝ የሚያምዎት ቦታ ላይ ይሠራል። ይሄን ያህል ሊያምዎት አይገባም ነበር።»

«እንግዲህ መንገድ ስቶ ይሆናላ!» አሉ ሾፌሩ።

ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች... ሕመሙ በረድ አለ።

ስልኳ ጮኸ... ቦርሳዋን አነሳች... «ወይኔ!»

እንዲህ ሲሆን ዋለ። በማግስቱም ያው።

አሁን የሐኪሟ ፊት ከበድ አለ።

«ሕመሙ ካልቀነሰ እንደገና መርምረን፣ ምናልባትም መልሰን መክፈት ሊኖርብን ነው። በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ደግሞ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አባትየው ኮርኒሱን እያዩ «ይከፈታ!» አሉ።

ይሄኔ ጎን ካለው አልጋ፣ እግሩን በጀሶ የታሰረው ጎረቤታቸው መታገሥ አቃተው።

«ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም! ዶክተር፣ እኚህ ሰውዬ ምንም አላመማቸውም። ልጃቸው ስትወጣ እኔን በሳቅ ሲገድሉኝ ነው የሚያመሹት። ዛሬ ጠዋት ከነርሷ ጋር ኮሪደሩን ዞረው መጥተዋል... ያውም እያፏጩ!»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ... እውነት ነው?»

አባትየው የአንሶላውን ጫፍ ያፍተለትሉ ጀመር።

«ወገቤን ሳያመኝ በፊት በስንት ጊዜሽ ነበር የምትመጪው? ሲያመኝ በየቀኑ መጣሽ። እኔ ደግሞ ሾፌር ነኝ፣ የተሳፋሪ ጠባይ አውቃለሁ። ያሰበበት ሲደርስ 'ወራጅ አለ!' ይላል። ከወረደ ዞሮ አያይም። ዳንኩ ካልኩሽ... አንቺም ትወርጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ልጅቷ አልጋው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያ አሳባቂ ጎረቤት ራሱ አፍንጫውን ሲጠርግ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሰምቻለሁ... ጤናውን የደበቀ ግን እኔ ገና መስማቴ ነው!

ወራት አለፉ።

አንድ ተራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ የሾፌሩ በር ተንኳኳ። ቀጥ ብለው ተራምደው ሄደው ከፈቱ... ልጃቸው ናት።

ክው አሉ።

«ምነው ልጄ? ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም አባዬ። ዝም ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሰውዬው ቦርሳዋን ከእጇ ተቀበሉና... መኝታ ቤት ወስደው ደበቁት።

ወዳጆቼ... ያ መድኃኒት የሠራው የሚያመው ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ነው። እኛ ግን ወላጆቻችን ናፍቆት እያመማቸው ፍራሽ እንገዛላቸዋለን። ሰው እንዲጠየቅ የግድ መታመም የለበትም።

እስቲ እናንተ... ሳይታመም፣ ሳይቸገር፣ ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ የጠየቃችሁት የመጨረሻው ሰው ማን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... የምትጽፉት ከጠፋችሁ ግን ኮሜንቱ ይቅር፣ ተነሡና ሂዱ።